ዓሊያ ለጋሼ ሸፊቅ የሰጠችው መልስ

ዓሊያ ዑስማን ከወላጆቿ ጋር ከሱዳን ተነስታ አትላንታ ስትገባ ገና ትምህርት ቤት ያልጀመረች ልጅ ነበረች። በዚያው አውሮፕላን ሸፊቅ የሚባል የኮምቦልቻ ወጣት አብሯቸው መጣ። የሥጋ ዘመድ አይደለም፤ አባቷ ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አግኝቶት፣ አንድ ድንኳን ተጋርቶ፣ ወንድም ያደረገው ሰው ነው። አትላንታ ዳር ባለችው ስማይርና በተሰጣቸው ጠባብ አፓርታማ ውስጥ እነ ዑስማን መኝታ ቤቱን፣ ሸፊቅ የሳሎኑን ሶፋ ያዙና አዲሱን ኑሮ አብረው ጀመሩት።

አባቷ ኤርፖርት መኪና ይነዳል፤ እናቷ ሆቴል ታጸዳለች። ሁለቱም ደክመው ነው የሚገቡት። ስለዚህ ዓሊያን ብስክሌት ያስተማራት ሸፊቅ ነው፤ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራም የሚሄደው እሱ ነበር። መምህሯ "ሚስተር ዑስማን" ስትለው "የስ" ብሎ ይቀመጥና የተባለውን ሁሉ በጥሞና ሰምቶ ይመለሳል። ልጅቷ በትምህርቷ የምትገፋ መሆኗን ካየ ወዲህ በስሟ መጥራቱን ተወ። "ዶክተር፣ ዛሬስ ምን ተማርሽ?" ይላታል። እሷም የተማረችውን አንድ በአንድ ታስረዳዋለች። ያስተዋለ ሰው አልነበረም እንጂ፣ ለሸፊቅ ማስረዳትን የለመደችው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሸፊቅ ዜግነቱ እንዲፋጠንለትና የሞተር ሥራ እንዲማር ብሎ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባ። በ1991 ኩዌት ነበር። የሱ ክፍል አይዋጋም፤ የተመቱ ታንኮችንና ብረት ለበሶችን ጎትቶ ይሰበስባል፣ የሚጠገነውን ይጠግናል። ተኩሱ ካቆመ በኋላ በስህተት በራሳቸው ወገን የተመቱ ተሽከርካሪዎችን ውስጣቸው ገብተው እንዲያጸዱ ታዘዙ። አፋችሁን ሸፍኑ ያላቸው አልነበረም። ተመልሶ ሲያወራው እንደ ቀልድ ነበር የሚያወራው፦ "ከታንኩ ስንወጣ ከሰል ነጋዴ ነበር የምንመስለው። ሦስት ጊዜ ታጥቤ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ጥቁር አቧራ አገኝ ነበር።" ሁሉም ይስቃል፤ ዓሊያም ትስቅ ነበር።

ከጦሩ ሲወጣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ በአንድ የሜክሲኮ ዳቦ ቤትና በአንድ የቬትናም ልብስ ሰፊ መካከል ትንሽ ጎሚስታ ከፈተ። ሱልጣና የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አገባ። ዓሊያ በበኩሏ የሕዝብ ጤና አጥንታ በማዕረግ ተመረቀች፤ ሥራም አትላንታ ካሉት የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤቶች በአንዱ አገኘች። ብረታ ብረቶች በሰው ገላ ላይ የሚያመጡትን ጉዳት የሚመረምሩ ጥናቶችን አንብቦ ማጠቃለል ነበር ሥራዋ። መጀመሪያ የደረሳትም ዩራኒየም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኑክሌር ነዳጅ የሚፈለገው ክፍል ተወስዶ የሚተርፈው ዩራኒየም እጅግ ከባድ ብረት ነው፤ ዲፕሊትድ ዩራኒየም ይሉታል፣ የተሟጠጠ ዩራኒየም። ከሱ የሚሠራ አረር የታንክን ግድግዳ ሰንጥቆ ያልፋል። ሲያልፍ ግን ይቀጣጠልና ከፊሉ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ክርክሩ ያን ዱቄት የተነፈሰ ሰው ይታመማል ወይስ አይታመምም የሚል ነው። ከጦርነቱ ተመልሰው ጤና ያጡ ወታደሮች "የመረዘን እሱ ነው" ይላሉ። ባለሥልጣናት "ጥናት አያሳይም" ይላሉ። የደቡብ ኢራቅ ሐኪሞች ካንሰር በዛብን ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ "ከጦርነቱ በፊት የነበረው ቁጥር የት አለና በምን ታነጻጽራላችሁ?" ብለው ይመልሷቸዋል። ዓሊያ የሁሉንም ታነብባለች። ጩኸት ከበዛበት ነገር ውስጥ ማስረጃ ያለውን ለይቶ ማውጣት ደስ ይላት ነበር።

በ2001 ጃንዋሪ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ጎማዋን ምስማር ወጋባትና ሸፊቅ ዘንድ ሄደች። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማውን አወለቀ፣ ቀዳዳውን ለጠፈ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ዜና ያሰማል፤ በባልካን ዘምተው የተመለሱ የጣሊያን ወታደሮች በደም ካንሰር ሞቱ፣ ሰበቡ የዩራኒየም ጥይት ነው ተብሎ አውሮፓ ታምሷል። ዓሊያ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ የጓደኛዋ የቀለበት ግብዣ ስለነበረባት ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች ቆማ ትጠብቃለች።

"ዶክተር፣ ይሄን አይደል እናንተ የምታጠኑት?" አላት ሸፊቅ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"የስ፣ እሱኑ ነው" አለች ደስ ብሏት።

"እውነት ነው? ይገድላል?"

"ጋሼ፣ ሚዲያው ያጋንነዋል። ላይክ፣ የሞቱት ወታደሮች ቁጥር በዚያ ዕድሜ ካሉ ሌሎች ሰዎች መብለጡ እንኳ ገና አልታወቀም።"

"እኔ እኮ ውስጡ ገብቻለሁ።"

"አውቃለሁ። ግን ስማኝ። ስብርባሪው ሥጋቸው ውስጥ የቀረ ወታደሮች አሉ፤ ዶክተሮች በየጊዜው ቼክ ያደርጓቸዋል። ኩላሊታቸው ደህና ነው። አንተ አቧራውን ነው የነካኸው። ሪስኩ በጣም ትንሽ ነው።"

ሸፊቅ ጎማውን መልሶ ገጠመና ቡሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። ከዚያ እጁን አቆመ።

"ሽንት ላይስ?" አለ፣ ፊቱን ወደ ጎማው እንዳዞረ።

"አዎ፣ ቴስት የሚያደርጉት በሽንት ነው። ሽንታቸው ላይ ይታያል፤ ቢታይም ግን ታመሙ ማለት አይደለም።"

"እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው። ዋሪ አታድርግ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሸፊቅ። ከልቡ ነበር ያለው። ቀና ብሎ ፈገግ አለላት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ተራግፎ ወጣት መሰለ። ዓሊያ ሰው ማረጋጋት በመቻሏ ኮርታ፣ ትከሻውን ስማው፣ ወደ ግብዣዋ ነዳች።

ዓመት አለፈ። በዚያ ዓመት ሸፊቅ ሱቁን አሰፋ፤ ዒድን ከነ ዑስማን ጋር በላ፤ ትንሽ ከሳ። "ሲጋራውን እየቀነስኩ ነው" ይል ነበር ሲጠይቁት፣ ሰው ሲጋራ ሲቀንስ የሚወፍር መሆኑ ትዝ ያለው የለም። ከዚያ በ2002 ጸደይ ሥራ ላይ እንዳለ ሽንቱ ተዘጋ። የረጋ ደም ነበር የዘጋው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሰውዬ በራሱ መኪና ኢመርጀንሲ አደረሰው።

ዓሊያ ከቢሮ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። ሱልጣና ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው ተብላለች፤ ግድግዳውን አልፎ ሄዷል።

"እንዴት ነው ድንገት እንዲህ የሆነው?" አለች ዓሊያ አጠገቧ እየተቀመጠች።

"ድንገት አይደለም" አለች ሱልጣና። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር። "ካቻምና መጨረሻ ላይ ነው የጀመረው። ሽንቱ ደም ይቀላቅል ነበር። አያመውም። ይመጣል፣ ይጠፋል። የወታደሮቹ ሆስፒታል ሂድ ብዬ ስጨቀጭቀው እሺ አለ፤ ቀጠሮ ሊይዝ ነበር። አንቺ ጎማ ያስለጠፍሽ ዕለት ነው የተወው። ደስ ብሎት ገባ። 'ዓሊያን ጠይቄያታለሁ። ሽንት ላይ ቢታይም ታመመ ማለት አይደለም ብላኛለች' አለኝ። አንቺ ካልሽ እኔ ምን እላለሁ? የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

ለዓሊያ ያ ጥያቄ ስለ ላቦራቶሪ ምርመራ ነበር። ለሱ ግን ስለ ደሙ ነበር። ባሳደጋት ልጅ ፊት ስለ ሽንቱ ማውራት አሳፍሮት፣ ፊቱን ወደ ጎማው አዙሮ፣ ሁለት ቃል ብቻ አወጣ። ሽንት ላይስ? እሷ ደግሞ ለምን ጠየቅከኝ እንኳ አላለችውም። እሱ ስለ ራሱ ጠየቃት፤ እሷ ስለ ዩራኒየም መለሰች።

የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ለቤተሰቡ ሲያስረዳ እሷ ነበረች አስተርጓሚዋ። መጀመሪያ ደም በታየ ጊዜ ተደርሶበት ቢሆን ኖሮ፣ ላይ ላዩን እንዳለ ተጠርጎ የሚወጣበት ዕድል እንደነበረ ተናገረ። ዓሊያ ይህን ዓረፍተ ነገር ስትተረጉም ድምጿ ተሰበረ። ሱልጣና ቀና ብላ አየቻት።

ከዚያ በኋላ ዓሊያ እንቅልፍ አጣች ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድኃኒት ታመላልሳለች፤ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የሱቁን ስልክ ትመልሳለች፤ ሰዎች "እንዴት ያለች ልጅ ናት፣ የወለዳት እንኳ እንዲህ አትሆን" ሲሉ ምስጋናው እንደ እሾህ ይወጋታል። ለአባቷ አልነገረችም። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ልትነግረው ጀምራ "አባ፣ ጋሼ ሸፊቅ እኔን ጠይቆኝ ነበር..." ስትል፣ ዑስማን "አዎ፣ ነግሮኛል፤ በጣም ነው ያጽናናሽው" አላት። ከዚያ ወዲያ አልቀጠለችም።

ቢሮ ውስጥም ሞክራለች። የቡድኑ ኃላፊ ፊት ቀርባ፣ ታንክ ውስጥ የሠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ተለክተው እንደማያውቁ፣ ክትትል የሚደረግላቸው ጥቂቶች መሆናቸውን፣ ማጠቃለያውም "ጉዳት አልታየም" ከማለት "በቂ ሰው አልታየም" ቢል እንደሚሻል ተከራከረች። ሰውዬው ደግ ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። የሸፊቅን መታመም ሰምቷልና ያጨስ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ያጨስ ነበር። ምን ይሠራል? ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ የመኪና ማጠቢያ ኬሚካል። ኩዌት ሳለስ የነዳጅ ጉድጓዶቹ እየነደዱ አልነበረም? እየነደዱ ነበር። "አንድ ሰው ነው፣ ዓሊያ። የሚወዱት አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም" አላት። ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጎዳትም እሱ ነው። የማጠቃለያውን ቃል ግን ትንሽ አለሰለሰላት፤ "እስካሁን በተጠኑት ጥቂት ሰዎች ላይ" የሚል ተጨመረ። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በ2003 ማርች ጦርነቱ እንደገና ተጀመረ። ሸፊቅ ያኔ ከአልጋ አይነሳም፤ ሳሎናቸው መስኮቱ ሥር የሆስፒታል አልጋ ተዘርግቶለታል። ቴሌቪዥኑ ታንክ በታንክ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱልጣና መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች። ዓሊያ ልታጠፋው ሪሞቱን ስታነሳ "ተይው" አላት።

ጥቂት ተመለከተ። ከዚያ፦

"ዶክተር፣ የገደለኝ ይሄ ነው?"

"አልሞትክም፣ ጋሼ።"

"እሱን ተይው። ይሄ ነው ወይ?"

ዓሊያ ሲጋራውን፣ ማጣበቂያውን፣ ጥቁሩን አቧራ፣ ሁሉንም አሰበች። ላጽናናው ብትል "አይደለም" ማለት ትችላለች፤ ጥፋቱን ከሷ ላይ ለማውረድ ብትፈልግ ደግሞ "አዎ፣ እሱ ነው" ማለት ትችላለች።

"አላውቅም" አለች። "ወላሂ አላውቅም። ማንም አያውቅም።"

ሸፊቅ ራሱን ነቀነቀ። የተናደደ አይመስልም። "ያኔም አላውቅም ብትይኝ ኖሮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "የሚያውቅ ሰው እፈልግ ነበር።"

ዓሊያ ከወንበሯ ወርዳ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። "ጋሼ፣ አፉ በለኝ። ደም መሆኑን አላወቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ። ቸኩዬ ነበር፣ ግብዣ ነበረብኝ፣ አዋቂ መስዬ መታየት ፈልጌ ነበር..."

"እኔም መናገር ነበረብኝ" አላት። "አፉ ብዬሻለሁ። ለዱንያም ለአኺራም። አሁን ተነሺ፤ ጉልበትሽን ያምሻል።" እጁን ራሷ ላይ አደረገ። እጁ ቀሎ ነበር። ይቅርታው ያሳርፈኛል ብላ ነበር፤ አላሳረፋትም። እንዲያውም ባይምራት ኖሮ የሚሻል መሰላት፤ ቢቆጣት፣ ቢያባርራት፣ ከጥፋቷ ጋር የሚመጣጠን ነገር ባገኘች ነበር።

በዚያው ዓመት መኸር ሞተ። ስቶን ማውንቴን አቅራቢያ ካለው የሙስሊሞች መቃብር ቀበሩት። ጀናዛው ላይ ዑስማን እንደ ልጅ አለቀሰ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሱልጣና ዓሊያን አስጠራቻት። ባሏ በውትድርናው ምክንያት የሞተ ስለመሆኑ ለጦሩ ተመላሾች መሥሪያ ቤት የካሳ ጥያቄ፣ ክሌም የሚሉትን፣ አስገብታለች፤ ዩራኒየሙ እንደገደለው የሚመሰክር የባለሙያ ቃል ጠይቀዋታል።

"አንቺ ጻፊልኝ" አለቻት።

ዓሊያ ቀናት ወሰደባት። የቻለችውን ጻፈች፦ ሸፊቅ በተመቱት ተሽከርካሪዎች ውስጥ ያለ መከላከያ መሥራቱን፣ ማንም ለክቶት እንደማያውቅ፣ የበሽታው መንስኤ ዩራኒየም ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል። ይዛላት ሄደች። ሱልጣና ጎረቤቷን አስነብባ ስታበቃ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ እኮ ምንም አይልም።"

"እትዬ ሱልጣና፣ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። ማስረጃ የለም። ብዋሽ ደግሞ..."

"ማስረጃ!" አለች ሱልጣና። ኮሪደሩ ላይ ያልነበረው ቁጣ አሁን መጣ። "ለሱ 'ምንም የለብህም' ስትዪው ማስረጃ ነበረሽ? እሱን ለማሰናበት ማስረጃ አላስፈለገሽም። ለኔ 'አዎ' ለማለት ሲሆን ነው ማስረጃ የጠፋው?"

ዓሊያ ልትከራከር አልሞከረችም። ቦርሳዋን አንስታ "ልክ ነሽ" ብላ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። ሳይንሱ ልክ ነው፤ ሴትዮዋም ልክ ናት፤ እሷ ብቻ ናት ያልሆነችው።

ክሌሙ ውድቅ ሆነ። ሱልጣና ሱቁን ለዳቦ ቤቱ ሰዎች አስተላለፈችና አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ ያዘች። ዓሊያ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ትሄዳለች። አንዳንዴ በሩ አይከፈትላትም። ያመጣችውን አስቤዛ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ስትመጣ አንስተውት ታያለች። ቢሮም ሥራዋን አልለቀቀችም። ብትለቅ ራሷን ለመቅጣት እንጂ ለማንም እንደማይጠቅም አውቃለች። ሰዎች መስጊድ ግቢ ውስጥ ወይም ሠርግ ቤት ጠጋ ብለው ስለ ጤና ነገር ሲጠይቋት ግን ቶሎ አትመልስም። "ድሮ እንዲያ ተናጋሪ የነበረች ልጅ ቀዘቀዘች" ይላሉ።

በ2005 ክረምት ላይ ሱልጣና ራሷ ደወለች። አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ሐኪም ቀጥሯታል፤ የስልክ አስተርጓሚው የሚለው አልገባት ብሏል።

"ትወስጂኛለሽ?"

"እወስድሻለሁ።"

"ሐኪሙ የሚለውን ብቻ ነው የምትነግሪኝ። የራስሽን አትጨምሪ።"

"አልጨምርም።"

አልጨመረችምም። ሐኪሙ የተናገረውን ቃል በቃል አስተላለፈች፤ ሱልጣና የጠየቀችውንም እንዲሁ። አንድ ቦታ ላይ ሱልጣና መናገር ጀምራ ስታቋርጥ፣ ዓሊያ ሐኪሙን በእጇ ምልክት አቆመችውና "እትዬ፣ የቀረሽ ነገር አለ?" አለቻት። ነበር። ስትውጥ እንደሚያንቃት ተናገረች። እንቅርት ሆኖ ተገኘ፤ ክፉ አልነበረም።

ስትመልሳት ሱልጣና በሩን ከፍታ ገባች፤ አልዘጋችውም። ዓሊያ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

"ምን ያስቆምሻል? ግቢ።"

ገብታ ተቀመጠች። ሱልጣና ሻይ አቀረበችላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"እሱ አፉ ብሎሻል፤ ነግሮኛል" አለች። "እኔ ገና አልቻልኩም። እንዳልችልም እፈራለሁ። አንቺ ግን መምጣትሽን አታቋርጪ።"

"እሺ" አለች ዓሊያ።

አላቋረጠችም። እሑድ እሑድ ትሄዳለች። ሱልጣና አንዳንድ ቀን ታወራታለች፣ አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች፤ ዓሊያም ሁለቱንም ተቀብላ ሻይዋን ጠጥታ ትመለሳለች።